ዓሣ አይታረድም፤ ኃላፊነቱስ?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አንድ ሙስሊም አባወራ ሥጋ ሊገዛ ሲወጣ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ማን አረደው? የአላህ ስም ተወስቶበታልን? ሉካንዳው የሙስሊም ነውን? ከእነዚህ ውስጥ አንዱ እንኳ ካጠራጠረው እጁን ይሰበስባል። ያው ሰው ዓሣ ሊገዛ ሲወጣ ግን ከዋጋው በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። «ዓሣ እኮ አይታረድም» ይልና ዘንቢሉን ሞልቶ ይመለሳል።

እውነት ነው፤ ዓሣ አይታረድም። ይህ ከአላህ የተሰጠን ገርነትና እዝነት ነው። ይሁን እንጂ የማረዱ ግዴታ ስለቀረልን ሌላው ኃላፊነት ሁሉ አብሮ ቀርቶልናልን? ዓሣው እንዴት ተያዘ? መቼ ተያዘ? ከውሃ ከወጣ በኋላ ምን ደረሰበት? ያጠመደው ሰው የድካሙን ዋጋ አገኘን? እነዚህን ጥያቄዎች ሸሪዓችን ዝም ብሎ አላለፋቸውም። በዚህ ጽሑፍ አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን፤ ኢንሻአላህ።

የሸሪዓው ፍርድ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ በ3ኛው አንቀጽ በክትን፣ ማለትም ሳይታረድ የሞተ እንስሳን፣ እርም አድርጓል። በዚያው ምዕራፍ በ96ኛው አንቀጽ ደግሞ የባሕር ታዳኝና ምግቡ ለነዋሪውም ሆነ ለመንገደኛው መጠቀሚያ እንዲሆን የተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። በሐጅ ወይም በዑምራ ኢሕራም ላይ ያለ ሰው የየብስ አደን ሲከለከል የባሕሩ ግን አልተከለከለበትም። በሱረቱ ነሕል በ14ኛው አንቀጽ ባሕር የተገራልን ከእርሱ ትኩስ ሥጋ እንድንበላ፣ ጌጥ እንድናወጣና መርከቦች እንዲመላለሱበት መሆኑ ከተወሳ በኋላ፣ አንቀጹ የሚያበቃው የዚህ ሁሉ ዓላማ ምስጋና መሆኑን በማመልከት ነው። ይህን ማብቂያ ልብ እንበለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በባሕር የሚጓዙ ሰዎች በባሕር ውሃ ውዱእ ስለማድረግ በጠየቋቸው ጊዜ ውሃው ጥሩ መሆኑን ከመለሱ በኋላ፣ ሳይጠየቁ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን ጨምረው ነግረዋቸዋል። ይህን ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚይ፣ ነሳኢይና ኢብኑ ማጀህ ከአቡ ሁረይራህ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ጠያቂዎቹ የውሃ ችግር ያለባቸው መንገደኞች ከሆኑ የስንቅም ችግር ሊገጥማቸው እንደሚችል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በማሰባቸው ነው ሲሉ ዑለማእ ያስረዳሉ።

በረሃብ መካከል የመጣ ሲሳይ

ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የዘገቡት አንድ ታሪክ የዚህን ፍርድ ምንነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአቡ ዑበይዳህ ኢብኑል ጀርራሕ (ረ.ዐ) መሪነት 300 ሰዎችን ወደ ባሕር ዳርቻ ላኩ። ስንቃቸው እያለቀ ሄዶ በመጨረሻ ለአንድ ሰው በቀን አንዲት የተምር ፍሬ ብቻ ትደርሰው ጀመር። እርሷን እንደ ሕፃን ልጅ እየመጠጡ ውሃ ይጠጡባት ነበር። እርሷም ስታልቅ ከዛፍ ያረገፉትን ቅጠል በውሃ እያራሱ በሉ። በዚህም ምክንያት ዘመቻው የቅጠል ዘመቻ ተባለ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ባሕሩ ከሩቅ እንደ አሸዋ ክምር የሚታይ እጅግ ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳር ተፋላቸው። «ዐንበር» ይባላል። አቡ ዑበይዳህ በመጀመሪያ ሞቶ የተገኘ በክት ነው በማለት አመነቱ። ቀጥሎ ግን የአላህ መልእክተኛ መልእክተኞች መሆናቸውንና የደረሰባቸውን ችግር አስበው እንዲበሉ ፈቀዱላቸው። ከዐይኑ ጉድጓድ ቅባት እየቀዱ፣ ሥጋውን እየቆረጡ፣ የቀረውንም አድርቀው ስንቅ እያደረጉ ኃይላቸው እስኪመለስ ድረስ በሉ። መዲና ሲደርሱ ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አወሱላቸው። እርሳቸውም አላህ ያወጣላቸው ሲሳይ መሆኑን ነግረዋቸው ከሥጋው የተረፈ እንዳለ ጠየቁ፤ ተላከላቸውና በሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ሶሓቦች በዚያ ሁሉ ረሃብ ውስጥ ሆነው እንኳ ወደ አፋቸው ከማድረሳቸው በፊት «ይህ ይፈቀድልናልን?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ሁለተኛው፣ ያን የሚያህል ሲሳይ ሲያገኙ አለማባከናቸው ነው። ቅባቱን ተጠቀሙበት፤ የተረፈውን አደረቁት፤ ይዘውትም ተጓዙ። የዐንበር ሐዲስ የዓሣን ሐላልነት ሲያስተምረን የሐላልን አያያዝም አብሮ ያስተምረናል።

መዝሀቦች የሚለያዩበት ቦታ

በሀገራችን ሻፊዒይና ሐነፊይ መዝሀቦች በስፋት ስለሚታወቁ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በአጭሩ መግለጽ ይጠቅማል። ዓሣ የተባለው ሁሉ በሁለቱም ዘንድ ሐላል ነው። ሐነፊዮች ከባሕር እንስሳት የሚፈቅዱት ዓሣን ብቻ ሲሆን ሻፊዒዮች ሰፋ ያደርጉታል። ያለ ምክንያት በራሱ ሞቶ በውሃ ላይ ተንሳፎ የተገኘ ዓሣን ሐነፊዮች አይፈቅዱም። ሻፊዒዮች ከላይ የተጠቀሱትን ሐዲሶች ይዘው ጤናን የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ ይፈቅዱታል። በመረብ ተይዞ ወይም ውሃው ሸሽቶበት የሞተ ግን በሐነፊዮችም ዘንድ ይበላል። ቤተሰቦች በዚህ ልዩነት ሊነቃቀፉ አይገባም። በራሱ ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ምናልባት ታሞ ወይም ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል መተዉ ለጤናም ይበጃል።

«ያጠመደው ሰው ሙስሊም ካልሆነስ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ችግር የለበትም። ቡኻሪ እንዳሰፈሩት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የባሕርን ታዳኝ አይሁድም ያጥምደው ክርስቲያን ወይም መጁሲ እንዲበላ ፈቅደዋል። ማረድ በሌለበት የአራጁ ማንነት አይጠየቅምና።

ዓሣም ነፍስ አለው

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንዘናጋው። ሙስሊም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በማንኛውም ነገር ላይ ኢሕሳንን፣ ማለትም አሳምሮ መሥራትን፣ የደነገገ መሆኑን አስተምረዋል። በመግደልም ሆነ በማረድ ጊዜ በመልካም አኳኋን እንዲፈጸም፣ ቢላዋ እንዲሳልና እንስሳው እንዲያርፍ አዘዋል። ሐዲሱ የሚጀምረው «በማንኛውም ነገር» በሚል ጠቅላላ አነጋገር ነው። በግ ብቻ አላለም፤ በሬ ብቻም አላለም። ነፍስ ያለውን ነገር ለመወርወሪያ ዒላማ ማድረግን የከለከሉትም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። እንስሳ ከነሕይወቱ ለጨዋታ ሊውል አይገባም።

ታዲያ ዓሣን እንዴት እንይዘዋለን? በየሐይቁ ዳር እንደምናየው ዓሣው ከመረብ ይወጣና በጀልባው ወለል ላይ ይጣላል። አየር አጥቶ እየተንፈራገጠ ቀስ በቀስ ይሞታል። አንዳንዱ ገና ሳይሞት ቅርፊቱ ይፋቃል፤ ሆዱ ይቀደዳል። ዓሣ ስለማይጮህ ሕመም የሌለበት ይመስለናል።

ዛሬ ሳይንስ በዚህ ረገድ የሚለን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት በትራውት ዓሣ ራስ ላይ ጎጂ ነገርን ለይተው የሚያውቁ ነርቮች መኖራቸው ተረጋግጧል። ከንፈራቸው ላይ የሚያቃጥል ነገር የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን በጠጠር ላይ ሲያሹና ከመብላት ሲዘገዩ ታይተዋል። ዓሣ ሕመሙን በምን ያህል ደረጃ እንደሚረዳው የሳይንስ ሰዎች እስከ አሁን ይከራከራሉ። ለእኛ ግን ከዚህ ጥናት ብዙ ዘመናት ቀድሞ መመሪያው ተሰጥቶናል። ኢብኑ ቁዳማህ «አልሙግኒ» በተባለው ኪታባቸው እንዳሰፈሩት ኢማም አሕመድ ዓሣ ከነሕይወቱ እሳት ውስጥ ስለመጣሉ ተጠይቀው እንደማይወዱት መልሰዋል። ዓሣውን መብላት ሐላል ሆኖ ሳለ አገዳደሉ አላስደሰታቸውም። ሐላልነትና ኢሕሳን ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዓሣው ከውሃ እንደወጣ ራሱን በጠንካራ ዱላ በአንድ ምት መምታት ስቃዩን ያሳጥርለታል። ሥጋውም ብዙ ሲንፈራገጥ ከሞተው የተሻለ ሆኖ ይቆያል። አስጋሪ ወንድም ሆይ! ይህቺን ትንሽ ድካም ለአላህ ብለህ ከሠራሃት አጅር አታጣባትም። ለውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን የነገሩን ነቢይ፣ ነፍስ ላለው ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ሥራ ምንዳ መኖሩንም አስተምረዋልና።

የሰንበት ሰዎችና የጣና ወንዞች

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ ከ163ኛው አንቀጽ ጀምሮ በባሕር ዳርቻ ስለነበረች አንዲት ከተማ ይነግረናል። ነዋሪዎቿ ከእስራኤል ልጆች ወገን ሲሆኑ በሰንበት ቀን እንዳያጠምዱ ታዘው ነበር። ፈተናቸው ግን ዓሦቹ በዚያው በተከለከለው ቀን በውሃው ላይ ግልጥ ብለው መምጣታቸው ነው። በሌሎቹ ቀናት አይመጡም። ሙፈሲሮች እንደሚገልጹት ሰዎቹ ብልሃት ፈጠሩ። ከሰንበት በፊት መረብ ዘርግተው ወይም ጉድጓድ ቆፍረው ያድሩና ዓሦቹ ሲገቡ ቀኑን አሳልፈው እሑድ ይሰበስባሉ። «በሰንበት መቼ አጠመድን?» ለማለት ነው።

የከተማዋ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ሕጉን የጣሱ አሉ። የጣሱትን የሚመክሩና የሚከለክሉ አሉ። «አላህ ሊያጠፋቸው የሆኑትን ሰዎች ለምን ትመክራላችሁ?» በማለት ዳር ይዘው የተቀመጡም አሉ። ቁርኣን ከክፉ የሚከለክሉት መዳናቸውን፣ በዳዮቹም መቀጣታቸውን በግልጽ ሲናገር ዝም ስላሉት ዝም ብሏል። ሙፈሲሮችም በእነርሱ ዕጣ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል።

ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ወደ ጣና እንምጣ። ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። በውስጡ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ተመራማሪዎች ሌቢዮባርበስ የሚሉት ወገን ይኖራል። 15 ያህል ዝርያዎች የተለዩለት ሲሆን አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ በርከት ያሉት እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ባሉት ገባር ወንዞች አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ። ከዚያም ንጹሕ ጠጠር ወዳለበት ወደ ላይ ይወጣሉ።

እንግዲህ አስተውሉ! ዓሣው በመንጋ ሆኖ፣ ለማጥመድ እጅግ ቀላል ሆኖ የሚመጣው ልንተወው በሚገባን ወቅት ነው። ሆዱ በእንቁላል የተሞላ አንድ ዓሣ ያኔ ቢያዝ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡት ዓመታት ትውልድ ነው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ከዚያች ከተማ ሰዎች ጉድጓድ በምን ይለያል? የእነርሱ ክልከላ ለእነርሱ የተሰጠ ልዩ ሕግ እንደነበር የታወቀ ነው። በእኛ ላይ እንዲህ ያለ ቀን አልተደነገገም። የፈተናው መልክ ግን አንድ ነው። ሲሳይ በጣም ቀርቦ፣ በጣም ቀልሎ ሲመጣ ራስን መግታት ይቻላልን?

ውጤቱንም አይተነዋል። በጣና በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በደንገል ታንኳ በዳር በዳሩ የሚካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የተደረገ ክትትል እንዳሳየው የሌቢዮባርበስ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። የትንንሾቹ፣ ማለትም የነገው ትውልድ፣ መመናመን ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። አጥኚዎቹ በምክንያትነት ከጠቀሷቸው ዋነኛው በመራቢያ ወቅት በወንዞች አፍ ላይ የሚደረገው ማስገር ነው።

መርዝና የማይበሰብስ መረብ

ከዚህ የባሰም አለ። በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ዛፍ ፍሬ እየተወቀጠ ውሃው ውስጥ ይጨመራል። ዓሣው ራሱን ስቶ ሲንሳፈፍ ይለቀማል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሰውና ከብት የሚጠጣው ውሃም ይበከላል። ሌላው ችግር ከውጭ የሚገባው ዓይኑ ጠባብ የሆነ ቀጭን የላስቲክ መረብ ነው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ ውሃው ውስጥ ይጣላል። አይበሰብስምና ባለቤቱ ከረሳው በኋላም ዓሣ እየያዘ ይገድላል። ማንም አይበላውም፤ ማንም አይጠቀምበትም።

ሸሪዓችን ለዚህ መለኪያ አለው። ራስን መጉዳትም ሆነ ሌላውን መጉዳት አይፈቀድም። ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። ሐይቅ የጋራ ከሆነ አንዱ የሌላውን ድርሻ ማጥፋት አይችልም። ተጋሪዎቹ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ያሉት ብቻ አይደሉም፤ ገና ያልተወለዱት ልጆቻችንም ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ በ56ኛው አንቀጽ ምድር ከተስተካከለች በኋላ እንዳናበላሻት ከልክሎናል።

የሀገሪቱም ሕግ በዚህ ላይ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ በመርዝና በመሳሰሉት ማስገር ተከልክሏል። የሕዝብን ጥቅም ለመጠበቅ የወጣንና ከአላህ ትእዛዝ ጋር የማይጋጭን ደንብ ማክበር በሸሪዓ ይፈለጋል። ስለዚህ አንድ ሙስሊም «ዓሣ ሐላል ነው» ብሎ በመርዝ ቢያጠምድ የያዘው ሐላል ነገር ቢሆንም የያዘበት መንገድ ግን ወንጀል ነው።

ያጠመደውን ሰው አትርሱ

ማእዳችን ላይ ካለው ዓሣ ጀርባ ሌሊቱን በውሃ ላይ ያሳለፈ ሰው አለ። በጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ ደንገል አጭደው ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ሙስሊሞች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲያገልላቸው፣ በማእድ ሲለያቸው፣ በጋብቻም ሲሸሻቸው ኖሯል። ያሳዝናል! የያዙት ዓሣ በየቤቱ ገብቶ ይበላል፤ እነርሱ ግን በዚያው ቤት ደጃፍ ይናቃሉ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ስምም እንዳንጠራራ ከልክሏል፤ የተሳለቁባቸው ከተሳላቂዎቹ የሚበልጡ ሊሆኑ እንደሚችሉም አስጠንቅቋል። በአንድ ሶፍ ለሶላት ቆመን ከሶፉ ስንወጣ የምንናናቅ ከሆነ ሶላታችን ምን አስተማረን?

የድካም ዋጋም ጉዳይ አለ። አንድ ነጋዴ ለአስጋሪ መረብ መግዣ ያበድርና ብድሩ እስኪመለስ ድረስ ዓሣውን ከገበያው ዋጋ በታች ለእርሱ ብቻ እንዲያስረክብ ቢያስገድደው ይህ ምን ይባላል? ፉቀሃእ ለአበዳሪው ጥቅም የሚያስገኝ ብድር የወለድ በር መሆኑን ደንግገዋል። ወለድ በብር ብቻ አይመጣም፤ በዓሣም ይመጣል። እንዲሁም ገና ያልተያዘን፣ በውሃ ውስጥ ያለን ዓሣ መሸጥ መግዛት አይፈቀድም። መጠኑም መገኘቱም አይታወቅምና አንዱ ወገን ይጎዳበታል።

በሻጩ በኩል ደግሞ ማታለል እንዳይኖር ያስፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡ ርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ያታለለ ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋል። የትናንቱን ዓሣ ውሃ ረጭቶ የዛሬ ነው ማለት፣ አጥንቱ ወጥቶ ዓይነቱ የማይለይን የዓሣ ሥጋ በሌላ ስም በውድ ዋጋ መሸጥ ከዚያ ርጥብ እህል አይለይም።

አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ማእድ

በሀገራችን ሥጋ ሰዎችን በማእድ ይለያል። ሙስሊሙ የራሱን፣ ክርስቲያኑም የራሱን ይበላል። ዓሣ ግን ይህ ድንበር የለውም። ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠራ ዓሣ ሁሉንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጣል። በክርስቲያኖች የጾም ወራትም ብዙዎች ዓሣ ስለሚመገቡ ገበያው ይደራል። ለጎረቤት በጎ መዋል ከኢማን በመሆኑ ይህን አጋጣሚ ልንጠቀምበት ይገባል። እህቶች ሆይ! ዓሣ በሠራችሁ ቀን መረቁን በዛ አድርጋችሁ ለጎረቤት አድርሱ። ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ለጎረቤት ማካፈልን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መክረዋቸዋል።

ከቤት ውጭ ስንመገብ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ዓሣው ሐላል ቢሆንም የተጠበሰበት ዘይትና መጥበሻ ሐላል ላልሆነ ሥጋም አገልግሎ ሊሆን ይችላል። በጨዋነት መጠየቅ ነው እንጂ ማፈር አያስፈልግም።

ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ማስታወሻዎች

1. ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ነው። ዓይኑ የጎደጎደና ሽታው የከረፋ ከሆነ ተዉት።

2. በክረምት ወራት ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ ሻጩን በመልካም አነጋገር ምከሩት፤ ሌላ ዓይነት ምረጡ። ገዢ ካልኖረ አጥማጅ አይኖርም።

3. ገና ያላደጉ ትንንሽ ዓሦችን አትግዙ። ዛሬ በአንድ ጉርሻ የሚያልቀው ነገ ለቤተሰብ ይበቃ ነበር።

4. ዓሣ ከነሕይወቱ ከገዛችሁ ሳትፍቁትና ሳትቀዱት በፊት ሕይወቱ ማለፉን አረጋግጡ። ልጆች ከነሕይወቱ እንዳይጫወቱበት ተቆጣጠሩ።

5. ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በሚገባ እጠቡ። በሐዋሳና በሌሎችም ሐይቆች ዳር ዓሣን በጥሬው በዳጣ መብላት ተለምዷል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ወደ ሰው ሊተላለፉ የሚችሉ ትሎች እንዳሉባቸው በጥናት ታውቋል። በደንብ ማብሰል ይህን አደጋ ያስወግዳል። ራስን ወደ ጥፋት መጣል በቁርኣን የተከለከለ መሆኑን አንዘንጋ።

6. ራሱንና አጥንቱን አትጣሉ፤ ጥሩ መረቅ ይወጣዋል። ማባከን የሰይጣን ወንድም ያደርጋል።

7. ወጣቶች ሆይ! ከመብላታችሁ በፊት ቢስሚላህ፣ ከበላችሁ በኋላ አልሐምዱሊላህ ማለትን አትርሱ። ያልታረደ ሥጋ የፈቀደላችሁን ጌታ ስሙን አለማውሳት ውለታ መርሳት ነው።

በመጨረሻም

በመግቢያችን ላይ የጠቀስነው የሱረቱ ነሕል አንቀጽ የሚያበቃው በምስጋና እንደሆነ አይተናል። ምስጋና በምላስ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የተሰጠን ጸጋ ሰጪው በሚወደው መንገድ መያዝም ምስጋና ነው። አላህ በየብስ እንስሳ ላይ የማረድን ሥርዓት ሲደነግግ በዓሣ ላይ አቀለለልን። ማቅለሉ እንድንዝረከረክ አይደለም። የጣና ወንዞች በየክረምቱ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። በዚያች በባሕር ዳርቻ ከተማ እንደነበሩት ሁሉ ዛሬም ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ መረብ የሚዘረጉ፣ የሚመክሩ፣ ዝም የሚሉም። የዳኑት እነማን እንደነበሩ ቁርኣን ነግሮናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱን ከየትኛው ወገን እንደሚያደርግ በማእዱ ዙሪያ ሊመካከርበት ይገባል።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ንጹሕ ያድርግልን፤ ውሃችንንና በውስጡ ያለውን ለልጆቻችን ያቆይልን፤ ከአመስጋኞቹም ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።